እረፍት የማይስማማው ባትሪ

በእኛ ቤት ደህና ነገር ሁሉ ለእንግዳ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ የሳሎኗን ሶፋ ከነላስቲኩ ገዝታ ከነላስቲኩ አስረጅታዋለች። ልጆቿ ሲቀመጡበት ጭናቸው ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገራቸው ወለል ላይ ተቀምጠው አደጉ። ጥሩ ጥሩዎቹ ብርጭቆዎች ከቡፌው የሚወርዱት ሰው ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም አቧራቸው እስኪታጠብ እንግዳው ጉሮሮው ደርቆ ይጠብቃል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር የላስቲክ ልብስ አለው። የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና። ይሄን የምነግራችሁ ለሐሜት አይደለም። እሺ፣ ለሐሜትም ነው። ግን ይሄን ካላወቃችሁ ባትሪው ለምን እንደሞተ አይገባችሁም።

እናታችን ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። አእምሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ሳይጠይቃት እንደቀረ አንድም አያመልጣትም። የጠፋው ንግግሯ ብቻ ነው፤ እሱም በመጥፋቱ ብዙ ሰው ተርፏል። ግራ እጇ ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ የቤቱ ታናሽ ነኝ፣ አላገባሁም፣ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነው፤ ታላላቆቼ በየቤታቸው ናቸው። ይሄ ሁሉ በቤተሰባችን ቋንቋ ሲተረጎም «እሷ ታስታምም» ማለት ነው።

መንገዱ ዳር ያለው የፊት ክፍል የልብስ ስፌት ቤቴ ነበር። እናቴ ከታመመች ወዲህ በሩ ተዘግቶ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ የአልጋ ልብስ ተከምሮ ነበር። ከዚያ እስከ እናቴ ክፍል ያለው መተላለፊያ ረጅም ነው፤ እሷ ደግሞ መጣራት አትችልም። እናቴ እኔን የምትጠራበት ዘዴ ከተገኘ ሥራዬን እከፍታለሁ፣ ካልተገኘ አልከፍትም። እትዬ ክፍሉ የሞባይል ሽፋን ለሚሸጥ አንድ ሰውዬ እንዲከራይ፣ እኔ ደግሞ እናቴ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳረጅ ነበር የምትፈልገው። እንዲህ ብላ አትለውም እንጂ። «እናትና ልጅ አብራችሁ ብትውሉ ደስ አይልም?» ነው የምትለው።

መፍትሔ አለኝ ብሎ የተነሣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ጨው አቀብለኝ ብትሉት ስለ ጨው አስተምሯችሁ ነው የሚያቀብላችሁ። መጀመሪያ አንድ ደወል ገዝቶ፣ ከእናቴ ትራስ ሥር መጫኛ ቁልፍ አድርጎ፣ ሽቦውን እስከ ስፌት ቤቴ ዘረጋው። ከሱቅ የገዛቸው የባትሪ ድንጋዮች ግን አገልግሎታቸው ከምርቃት አላለፈም። ሌላ ገዛ፣ እሱም እንደዚያው። ባለሱቁ ዘንድ ሄዶ ጭቅጭቅ ገጠመ፤ ባለሱቁም ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ምን ላድርግህ ብሎ መለሰው። ጋሼ ክብሩ ተነካ። ድሮ ሰው ባትሪውን እቤቱ ይሠራ ነበር አለ፣ እኔም እሠራለሁ አለ።

ከዚያ በፊት ግን ታሪኩን መስማት ነበረብን። ነገሩ የተጀመረው ከእንቁራሪት ነው። በጥንት ዘመን አንድ ሐኪም የሞተች እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረት ቢነካው ተፈራገጠ፤ ኤሌክትሪኩ እንቁራሪቷ ውስጥ ነው ያለው ብሎ ደመደመ። ሌላ ሊቅ መጣና የለም፣ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከብረቶቹ ነው፣ የእንቁራሪቷ ውለታ እርጥብ መሆኗ ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። በእንቁራሪቷ ፋንታ በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ አስገባ። መዳብ፣ ጨርቅ፣ ዚንክ፣ እንደገና መዳብ፣ ጨርቅ፣ ዚንክ እያለ እንደ ሳንቲም ደራረበው፤ ከጫፍና ከጫፉ ሽቦ ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ሆነ። የመጀመሪያው ባትሪ ይሄው ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ የማዝነው ለእንቁራሪቷ ነው፤ ሞታም አላረፈችም።

ያ ቁልል ግን ቶሎ የሚደክም ነበር። ሲሠራ መዳቡ ላይ ጥቃቅን አረፋ እየተለጠፈ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ጨርቁም ይደርቃል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ጨርቁን ጥለው ሁለት ዓይነት ውሃ መጠቀም ጀመሩ። ጋሼ የሠራውም ይሄኛውን ነው። አፋቸው ሰፋፊ የሆኑ ጠርሙሶች አመጣ። ከየጠርሙሱ ሥር መዳብ አስቀመጠ፣ በላዩ ሰማያዊ የመዳብ ጨው በተነ፣ ውሃ ቀስ አድርጎ ሞላና ከላይ ጣቶቹን እንደዘረጋ እጅ የሆነ ዚንክ አንጠለጠለ። ሰማያዊው ውሃ ከባድ ስለሆነ ታች ቀረ፤ ጥርት ያለው ላይ ሆነ። መሐላቸው ግድግዳ የለም፣ ግን አይቀላቀሉም። ማየቱ ደስ ይላል፤ እኔ ራሴ ቆሜ አየሁት።

አሠራሩን ሲያስረዳን፣ ላይ ያለው ዚንክ ቀስ በቀስ እየሟሟ ኤሌክትሪኩን በሽቦው ይልካል አለ። ኤሌክትሪኩ ደወሉን ዞሮ ታች ሲደርስ፣ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ የሟሟው መዳብ ይቀበለውና ተመልሶ ብረት ሆኖ ታች ይለጠፋል። ላይኛው እየተበላ ያልቃል፣ ታችኛው ቁጭ ብሎ ይወፍራል። ይሄን ሲል ሳላስበው ዓይኔ እትዬ ላይ አረፈ።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ይሄ ባትሪ እረፍት አይስማማውም። ሥራ ከፈታ ሰማያዊው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሰርጋል፤ ዚንኩን ሲያገኘው ጥቁር ነገር ያለብሰዋል፣ ያኔ ባትሪው አለቀለት። እየሠራ ከሆነ ግን ሰማያዊውን ከሥር ከሥር እየተጠቀመ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ጋሼ ከጠርሙሶቹ ጋር አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አገናኘ፤ ሌት ተቀን እንድትበራ። የምታበራው ነገር የለም፤ ሥራዋ ባትሪው ሥራ እንዳይፈታ ማድረግ ብቻ ነው። ጠርሙሶቹን መተላለፊያው ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ደረደረና ማንም እንዳይነካቸው፣ እንዳያነቃንቃቸው፣ አጠገባቸው እንዳይዘል በየተራ ዓይን ዓይናችንን እያየ አስጠነቀቀን። እትዬ ይሄ ሁሉ ሲነገር እዚያው ነበረች። ግን የመደርደሪያውን አቧራ በጣቷ እየፈተሸች ነበር።

ደወሉ መጀመሪያ ሲጮኽ አለቀስኩ። እናቴ ከታመመች ወዲህ ስትጣራኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሮጬ ስደርስ ምንም አልፈለገችም፤ እመጣ እንደሆነ ለማየት ነው የተጫነችው። በግራ በኩል ባለው ከንፈሯ ሳቀች። ከዚያ በኋላማ ባሰባት። መስኮት ክፈቺ፣ መስኮት ዝጊ፣ ያቺ የምትጮኽ ደንበኛሽ ማን ነች፣ ይሄ ሁሉ በደወልና በፊቷ ምልክት ሆነ። እኔም መኪናዬን ዘይት ቀብቼ፣ ካውያዬን አውጥቼ፣ በሬን ከፈትኩ። ከመንገዱ የሚገባውን ጫጫታ እንዴት እንደናፈቅሁት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ግን ይሄ በሙከራ ነው አለች። የነገራችን ሁሉ ዳኛ አጎታችን ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። በመጪው እሑድ መጥተው ደወሉን በጆሯቸው ይስሙ፤ ከሠራ ስፌት ቤቱ ይቀጥል፣ ካልሠራ ክፍሉ ይከራይ ተባለ። እኔ አልፈራሁም። ደወሉ በየቀኑ ጆሮዬን ያደነቁረው የለ እንዴ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ብቅ አለችና መብራቷን አየቻት። በጠራራ ፀሐይ ለማን ነው የምትበራው ብላ ጠየቀችኝ። ጋሼ ያለውን ነገርኳት። አዎ አዎ አለችኝ፣ ነገሩ የገባት ሰው ሆና። እኔ ለደንበኛ ልኬት ስወስድ እሷ መተላለፊያው ውስጥ ትንሽ ቆየች። ወጥታ ከሄደች በኋላ ሳይ መደርደሪያው በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ያውም ወፍራም፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው። ያልሸፈነችው ነገር ስለሌለ አልገረመኝም። ልገልጠው አስቤ የጋሼ ዓይን ትዝ ሲለኝ እጄን ሰበሰብኩ።

ከዚያ ደወሉ እየሰለለ መጣ። መጀመሪያ መጮኹ ቀርቶ መነጫነጭ ሆነ፣ ከዚያ ማቃሰት ብጤ። ደወሉ ነው የደከመው ብዬ አላሰብኩም። የደከመው የእናቴ ጣት መሰለኝ። አንድ የቀራት እጅ እሱም ሊሄድ ነው አልኩ። ጠዋትና ማታ ጣቶቿን በዘይት እያሸሁ፣ እሷ እንዳታየኝ ፊቴን እያዞርኩ አለቀስኩ። እሷ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ለእትዬ በስልክ ብነግራት፣ አይ እንግዲህ፣ ዕድሜ ነው አለችኝ።

እሑድ ሆነ። አጎታችን መጡና የደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ደህና የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ ደወሉ አዞሩ። እትዬ ብስኩት ይዛ መጥታለች። ጋሼ ክፍል የገባ ይመስል እጆቹን ፈትጎ ስለ እንቁራሪቷ ሊጀምር ሲል አጎታችን ደወሉን እንስማ አሉት። ጋሼም በመተላለፊያው አንገቱን አስግጎ «እማ፣ ተጫኚው» አለ።

ምንም የለም። አልሰማች ይሆናል ተባለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ደወሉ እንደተሰቀለ ዝም። አጎታችን የደነቆሩ መስሏቸው ሌላውን ጆሯቸውን አዞሩ። እትዬ ብስኩቷን ነክሳ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እኔ መጀመሪያም ብያለሁ» አለች። «የታመመ ሰው በጠርሙስ ይጠበቃል እንዴ? አሁን ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር ብትሆን ምን ልንል ነው?»

አጎታችን ወደ እኔ ዞሩ። ቀና ሰው ናቸው፤ ግን ብዙ መነጋገር ይደክማቸዋል። «እንግዲህ ልጄ» አሉኝ፣ «ክፍሉ ይከራይ። አንቺም ከእናትሽ አትራቂ።»

እትዬ ደግ ሆና ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። «እሷ እንደሆነች አይከፋትም፣ ማስታመሙ ሥራ ይሆናታል» አለቻቸው። «ሥራ ከፈታች ያማታል እኮ። ከልጅነቷም እንደዚህ ነች።»

ደሜ ፈላ። አፌን ብከፍት የሚወጣውን ስለማውቀው ተነሥቼ ወደ እናቴ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ቁልፉን እየተጫነችው አገኘኋት። ጥፍሯ ነጭ እስኪሆን ተጭናዋለች፤ ግንባሯ ላቦት አውጥቷል፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ስታየኝ እንኳ አልለቀቀችውም። ጣቷን ያዝኩት፤ ከእኔ ይበረታል። ያን ሁሉ ቀን ያለቀስኩት በከንቱ ነበር።

እየተመለስኩ መደርደሪያው ሥር ቆምኩና ጨርቁን ሳብኩት። ጠርሙሶቹ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነዋል። ዚንኮቹ ከድስት ቂጥ ላይ የተፋቀ ጥላሸት መስለዋል። የቀይዋ መብራት ሽቦ ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ በሪባን ታስሯል። እትዬ ሥራዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

ጋሼ አይቶ የሰው ሞት እንደሰማ ራሱን ያዘ። ማን ነው የነካው አለ፤ ሪባኑን ሲያይ ግን ጥያቄው እዚያው ቀረ። እትዬን ሁላችንም ዞረን አየናት።

«ለአጎቴ ብዬ ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ በከንቱ ከሚያልቅ፣ እሳቸው የሚመጡ ዕለት ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይጠብቃቸው ብዬ ነው። ለእንግዳ መቆጠብ ነውር ሆነ እንዴ?»

«የእማዬ ጣት የሰለለ መስሎኝ ነበር» አልኳት። «ደውዬ ስነግርሽ ዕድሜ ነው አልሽኝ።»

ብስኩቱ በአፏ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሪባኑን ፈትታ ሽቦውን ለጋሼ አቀበለችው።

ጋሼ እጅጌውን ሰበሰበ። ከመጀመሪያው ቀን ያስቀረው ጥርት ያለ ውሃና ሰማያዊ ጨው ነበረው። የደፈረሰውን ደፋ፣ ዚንኮቹን በቢላዋ እየፋቀ ጥቁሩን አራገፈ፣ እንደገና ሞላቸው። ግን ውሃዎቹ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ እስከ ምሽት ይፈጃል አለ። እስከዚያ እናቴ ዘንድ ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ከልማድ የተነሣ ሁሉም እኔን አዩ። እኔ ደግሞ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ አጥፌ የማስረክበው አለኝ ብዬ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። አጎታችን እትዬን አዩና ለዛሬ ደወሉ አንቺ ሁኚ አሏት።

እትዬ ደወልነት አልሆነላትም። ደወል የሚጮኸው ሲጫኑት ነው፤ እሷ ሳይነኳትም ትጮኻለች። ትራሱ የቱ ነው፣ በየት በኩል ነው የምትገላበጠው፣ ይሄ ፊቷ ምን ማለት ነው እያለች ጠራችኝ። እኔ ከመኪናዬ ሳልነሣ መለስኩላት። የቱ ፊት የምን እንደሆነ ለመማር እኔም ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሻይ ለመጠጣት ስትወጣ ጸጉሯ ተበታትኖ፣ አንድ ጫማዋ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ እናቴ አስመልሳት ይሁን ጫማዋን ፍለጋ፣ አልጠየቅኳትም።

ሊመሽ ሲል ቀይዋ መብራት በራች። ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እማ፣ ተጫኚው አለ፤ የፈራ ይመስላል። ደወሉ እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸው አጎታችን ብድግ አሉ። ሰማሁ፣ ሰማሁ አሉ፣ ልባቸውን ይዘው።

እትዬ ግን ቦርሳዋን አንስታለች። መሥራቱ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል አለች፤ ሆኖም የጠርሙስ ነገር አያስተማምንም፣ ነገ ከነገ ወዲያ ማን ይጠብቀዋል፣ ክፍሉን ብናከራየው ሁላችንም እናርፍ ነበር ብላ ነገሩን እንደገና ቆሰቆሰችው። ንግግሯን ሳትጨርስ ደወሉ ጮኸ።

ሮጬ ሄድኩ። እናቴ እኔን ስታይ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ያን የዳነ ጣቷን አንስታ ከትከሻዬ ኋላ ወደ መተላለፊያው አመለከተች። ማንን አልኳት። እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው የሚይዘውን አያያዝ አሳየችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

እትዬ ገባች፤ ትራስ አስተካክላ ወጣች። ቦርሳዋን አነሣች፣ ደወሉ ጮኸ። ገብታ ውሃ አጠጥታ ወጣች። አሁን በዝግታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ቦርሳዋን አነሣች። ደወሉ ጮኸ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና እንዴት እንዳየቻት እስካሁን አልገባኝም፤ እትዬም አልገባትም። ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ፣ ከመኪናዬ ላይ አንሥቼ ጥግ የከመርኩት የአልጋ ልብስ ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ገባች። በክፍቱ በር የእናቴን እግር ስታሽ አየኋት። በትክክል አላሸችም፣ ግን አሸች።

አጎታችን ነገሩ ገብቷቸዋል። «እህቴ ንግግሯ የጠፋ መስሎኝ ነበር» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ የሚጠራውን እሷ ትመርጣለች። ልጄ፣ ክፍልሽን ክፈቺ።»

ጋሼ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያ ባትሪ ሥራ ሲፈታ እንደሚበላሽ፣ እትዬም ቁጭ ብላ ስትወፍር እንደዚያው መሆኗን ሊያስረዳኝ ጀመረ፤ ምሳሌው እንዴት እንደጣመው። እኔ መኪናዬ ላይ ነኝ፣ ክሩን አስገብቼ፣ ቀሚሱን ከመርፌው ሥር አስተካክዬ። ያኔ ደወሉ ጮኸ። እግሬ ከለመደው የተነሣ ከፔዳሉ ላይ ብድግ አለ።

እትዬ አንገቷን በበሩ አወጣች። «አንተን ነው የምትለው» አለችው።

የጋሼ ሳቅ ተቋረጠ። እኔ እግሬን መልሼ ፔዳሉ ላይ አኖርኩት።